የብረት ወታደር ስትቀቡ፦ እኔ የሠራኋቸውን ስህተቶች አትድገሙ

የመጀመሪያው ሮማዊ የመቶ አለቃዬ ደንገጎ ላይ አንገቱ ተቆረጠ። በጦርነት አይደለም፤ በሚኒባስ። ሐረር ላለ ጓደኛዬ ላሳየው ከድሬ ይዤው እየወጣሁ ነበር። ጠመዝማዛው ላይ ሁለት ሦስቴ ስንናጥ ቦርሳዬ ውስጥ "ቀጭ" የሚል ድምፅ ሰማሁ። ስከፍተው ራሱ ከነራስ ቁሩ ለብቻው፣ ደረቱ ለብቻው። ሾፌሩ ምንም አላጠፋም። ራሱን ያጣበቅኩት በሱፐር ግሉ ብቻ ነበር።

እንግዲህ ከዚሁ ልጀምር። እነዚህ ከደረት በላይ ብቻ ያሉ ትንንሽ ሐውልቶች ከቲንና ከአንቲሞኒ ቅይጥ ይሠራሉ። ቲን ስል የጣሪያውን ቆርቆሮ ማለቴ አይደለም። የድሮዎቹ ላይ እርሳስም በብዛት አለበት። ቁመታቸው ከቡና ሲኒ ብዙ ባይበልጥም ክብደታቸው ጉድ ነው። ሱፐር ግሉ ደግሞ ሲደርቅ ይሰባበራል፤ መናጥ አይችልም። አንገቱንና ደረቱን በቀጭን መሰርሰሪያ ብሱ፣ አጭር ሽቦ አስገቡበት፣ ከዚያ ሁለቱ ቱቦ ተቀላቅሎ በሚሠራው ኤፖክሲ አጣብቁ። እስከ ነገ አትንኩት። የኔ የመቶ አለቃ ዛሬ አንገቱ ላይ በስቱኮ የሠራሁለት ሻሽ አለ። ጠባሳውን ለመሸፈን ነው፤ ግን ውሸት አይደለም። የሮማ ወታደሮች ጥሩሩ (የደረት መከላከያ ልብሱ) አንገታቸውን እንዳይልጠው ጨርቅ ያስሩ ነበር።

ሳያጥቡ መቀባት ሌላው ነው። ብረቱ ቀልጦ ከሚፈስበት ቅርጽ ማውጫ፣ ከሻጋታው፣ እንዲላቀቅ የተቀባው ነገር ላዩ ላይ ይቀራል። የእጃችን ቅባትም አለ። በፈሳሽ ሳሙናና በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ አሹት፣ አለቅልቁት፣ አድርቁት። አሥር ደቂቃ አይፈጅም።

የሻጋታው ሁለት ግማሾች የተጋጠሙበት መስመር ግን ጊዜ ይፈልጋል። ጆሮ ሥር፣ ትከሻ ላይ፣ የቁሩ ጫፍ ላይ ተደብቆ ይቀራል። ቀለም ሲያርፍበት ደግሞ እንደ ስፌት ብቅ ይላል። በትንሽ ሞረድ፣ ከዚያም በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት አስተካክሉት። ብርጭቆ ወረቀቱን ውኃ ንከሩት። በደረቁ ከፈገፈጋችሁ አቧራው ይነሳል፣ እርሳስ ያለበት አቧራ ደግሞ መርዝ ነው፣ በተለይ ለሕፃናት። ማስክ አድርጉ፣ አቧራውን "እፍ" አትበሉት፣ በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉት። እንጀራ በሚቀርብበት ጠረጴዛ ላይ ይህን ሥራ ስሠራ እናቴ አንድ ቀን ደርሳብኝ የተናገረችኝን እዚህ አልጽፈውም። ልክ ነበረች።

አሁን ወደ ሙቀቱ። ከሌላ አገር የተጻፈ መመሪያ ድሬ ላይ ግማሹ አይሠራም። ፕራይመር (ከቀለሙ በፊት የሚቀባውን መነሻ ቀለም) በስፕሬይ ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ብትነፉ፣ ቀለሙ ብረቱ ላይ ሳይደርስ አየር ላይ ይደርቅና የወታደሩ ፊት እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይሻክራል። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ፣ ጥላ ውስጥ፣ ነፋስ ሳይነሳ ንፉ። ከ25 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ራቁ፣ በስሱ ደጋግሙ። የበርና መስኮት አንቲረስት በብሩሽ መለቅለቅም ይቅር። ወፍራም ስለሆነ ሽፋሽፍቱን፣ የጥሩሩን ማያያዣ፣ ሁሉንም ይደፍነዋል።

አክሪሊክ ቀለምም ሳህን ላይ በአምስት ደቂቃ ይደርቃል። መፍትሔው ቀላል ነው። ክዳን ባለው ዕቃ ውስጥ እርጥብ ስፖንጅ አንጥፉ፣ ላዩ ላይ የኬክ መጋገሪያ ወረቀት ዘርጉ፣ ቀለሙን እዚያ ላይ አድርጉ። እኔ ጋ እስከ ማግስቱ ይቆያል። ቬንትሌተሩን ግን ወደ ሥራው አታዙሩት። የድሬ አቧራ እርጥብ ቀለም ይወዳል።

ከሁሉም በላይ የማዝነው በነሐስ ነው። ሰው ሙዚየም ውስጥ ያለ የግሪክ የራስ ቁር ፎቶ ያያል፤ አረንጓዴ፣ ቡናማ፣ የተበላ። ያንኑ ቀለም በሕይወት ላለ ወታደር ይቀባል። አረንጓዴው እኮ ነሐሱ በሺህ ዓመታት ያመጣው ዝገት ነው! ባለቤቱ ይወለውለው ነበር፤ አዲስ ነሐስ ወደ ወርቅ የሚጠጋ ቢጫ ነው። ጥላውን በቡናማ አድርጉ፣ ብርሃኑን ወደ ወርቅ ውሰዱት። አረንጓዴ ካማራችሁ ምስማሮቹ ዙሪያ ትንሽ ብቻ።

ዘመን መቀላቀልም አለ። ዩልየስ ቄሳር ከክርስቶስ ልደት በፊት በ44 ተገደለ። ብዙ ሰው የሱን ወታደር ፊልም ላይ እንዳየው የብረት ዝርግ የተደራረበበት ጥሩር ያለብሰዋል። ያ ጥሩር የመጣው ቄሳር ካለፈ ከዓመታት በኋላ ነው፤ የቄሳር ሰዎች በአብዛኛው የሰንሰለት ጥሩር ይለብሱ ነበር። የመቶ አለቃ ከሆነ ደግሞ ቁሩ ላይ ያለው ጎፈር ከጆሮ ወደ ጆሮ አግድም ይሄዳል። የኛንም ለመሥራት ለሚያስብ የአክሱም ሳንቲም ጥሩ አስተማሪ ነው። የወርቁ ላይ ንጉሡ በአንድ ወገን ዘውድ ደፍቶ፣ በሌላው ራሱን በጨርቅ ሸፍኖ፣ ግራና ቀኙን የስንዴ ዛላ ከቦት ይታያል። ከደረት በላይ ነው፣ ልክ እንደኛ ሐውልቶች። በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የነገሠውን ዒዛናን ከሠራችሁ ግን መጀመሪያ ወስኑ፦ ከመጠመቁ በፊት ነው ወይስ በኋላ? ሳንቲሞቹ ላይ የፊተኛው ምልክት ጨረቃና ክብ ነው፣ የኋለኛው መስቀል።

ቆዳ ላይ ስንመጣ መመሪያዎቹ ለነጭ ፊት የተጻፉ ናቸው። "ብርሃኑን ነጭ ጨምራችሁ አውጡ" ይላሉ። የኩሽ (የጥንት ሱዳን) ቀስተኛ ላይ ይህን አድርጉና እዩት፤ አመድ የነሰነሳችሁበት ይመስላል። ብርሃኑን በብርቱካንማና በቢጫ አውጡ፣ ጥላውን በጥቁር ሳይሆን በጥቁር ሰማያዊ ወይም በወይን ጠጅ አጥልቁ። መጽሐፍ አያስፈልጋችሁም። ከዚራ አንድ ጥላ ሥር ሻይ ይዛችሁ ተቀመጡና አላፊ አግዳሚውን ተመልከቱ።

ዓይን? የዓይኑን ነጭ ክፍል ንጹሕ ነጭ አታድርጉት፣ በብሌኑ ዙሪያ ያለውን ባለቀለም ክብም የላይኛው የዓይን ቆብ በከፊል ይሸፍነው። አለበለዚያ ጀግናው ጅብ ያየ ይመስላል።

ተቀብቶ ያለቀውን ቡፌ ውስጥ መቆለፍም ስህተት ነው፣ በተለይ እርሳስ ያለበትን። እንጨት አሲድ ያለው ትነት ይለቃል፤ እርሳሱ ቀስ በቀስ ነጭ ዱቄት እያወጣ ይበላል። የመስታወት ወይም የብረት መደርደሪያ ይሻላል። የሐውልቱን ሥር ሳይቀር ቀቡት።

ስትገዙም ርካሽ ያገኛችሁ ሲመስላችሁ ፎቶውን አጉሉት። ከሌላ ሰው ሥራ ላይ ሻጋታ ወስደው የሚያባዙ አሉ። ቅጂው ትንሽ ያንሳል፣ ፂምና ሽፋሽፍቱም የሟሟ ሳሙና ይመስላል።

የመጨረሻው የኛው አገር ስህተት ነው፦ በምርቃና መቀባት። ሲጀመር እጅ አይንቀጠቀጥም፣ ትኩረቱ ግሩም ነው። ችግሩ ማቆም አለመቻሉ ነው። አንድ ምሽት የሃኒባልን ፂም አንድ ጊዜ ላስተካክል ብዬ ተቀመጥኩ። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ አራተኛውን ቀለም እየደረብኩ ነበር፣ እያንዳንዱ ከቀደመው የተሻለ መስሎኝ። ጠዋት ሳየው የካርታጎው ጄኔራል ከበርበሬ ድልህ ውስጥ የወጣ መሰለ። ቀለሙን ላጥኩትና እንደገና በሳሙና ማጠብ ጀመርኩ።