ጣና ላይ ለምትሠራ ትንሽ ጀልባ ሞተር የሚገጠምበትን ቦታና ከፍታ እንዴት እንደሚመርጡ

የጀልባ ሞተር የሚገዛ ሰው ስለ ጉልበቱና ስለ ዋጋው አጥብቆ ይጠይቃል፤ ሞተሩ በጀልባዋ ኋላ በየትኛው ነጥብና በምን ያህል ከፍታ እንደሚቀመጥ ግን ብዙ ጊዜ የሚወሰነው የጎረቤትን ጀልባ አይቶ ነው። ጥቂት ሳንቲ ሜትር ወደ ላይ ወይም ወደ ታች መሆኑ የቤንዚን ፍጆታውን፣ የሞተሩን ዕድሜና ማዕበል ሲነሣ የተሳፋሪውን ደኅንነት ስለሚነካ፣ ብሎን ከመምታት በፊት ልኬቱና ሙከራው ጊዜ ሊሰጣቸው ይገባል። ጣና ላይ ሞተር ጀልባና የናይለን መረብ ለዓሣ ማስገር መግባት የጀመሩት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1986 ነው። ከዚያ በፊትም ሆነ ዛሬ፣ የደንገል ታንኳ ቀዛፊ ጭነቱ ወደ ኋላ ሲያደላ ራሱ ጠጋ ብሎ ሚዛኑን ያስተካክላል፤ በብሎን የታሰረ ሞተር ግን ከቦታው ስለማይንቀሳቀስ ሚዛኑ አስቀድሞ መታሰብ አለበት።

የመጀመሪያው ሥራ የጀልባዋን የኋላ ግድግዳ መለካት ነው። ሜትሩን ሞተሩ ከሚንጠለጠልበት የላይኛው ጠርዝ መሐል አንሥተው የጀልባዋ ወለል፣ ማለትም ውሃውን የሚነካው የታችኛው ገጽ፣ እስከሚያልቅበት ድረስ ወደ ታች ይለኩ። የሞተር እግር በተለያየ ርዝመት የሚሠራ ሲሆን፣ አጭሩ 38 ሳንቲ ሜትር፣ ረጅሙ 51 ሳንቲ ሜትር፣ ከዚያ የሚበልጠው ደግሞ 64 ሳንቲ ሜትር ገደማ ከፍታ ላለው ግድግዳ የታሰበ ነው። ያገለገለ ሞተር የሚገዙ ከሆነ በሻጩ ቃል ብቻ አይርጉ፤ ሞተሩ ግድግዳው ላይ ከሚያርፍበት መንጠቆ ጀምሮ ከፕሮፔለሩ በላይ በአግድም እስከተዘረጋው ጠፍጣፋ ብረት ድረስ ያለውን ርቀት ራስዎ ይለኩ። ይህን ጠፍጣፋ ብረት ከዚህ በኋላ ክንፍ እለዋለሁ፤ የከፍታው ውሳኔ ሁሉ የሚያያዘው ከእርሱ ጋር ነው።

ቀጥሎ መሐሉን ያግኙ። በእጅ የተበየደ የብረት ጀልባ ግራና ቀኙ ሁልጊዜ እኩል አይሆንም፤ ስለዚህ የላይኛውን ጠርዝ ለሁለት ከመክፈል ይልቅ የወለሉን መሐል ከታች አግኝቶ፣ ጀልባዋን በውሃ ልክ አስተካክሎ አስቀምጦ፣ ከዚያ ነጥብ በቱንቢ ወደ ላይ ቀጥ ያለ መስመር ማስመር ይሻላል። ጀልባዋ በጉዞ ላይ በትንሹ ወደ አንድ ወገን ብትጎትት ምክንያቱ ብዙውን ጊዜ የፕሮፔለሩ ዙር ነው። ይህንንም ከክንፉ ሥር ያለችውን ትንሽ ተስተካካይ ብረት በማዞር ማረም ስለሚቻል፣ ለዚህ ሲባል ሞተሩን ከመሐል መስመር ማውጣት አያስፈልግም።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ፣ ወደ ከፍታው እንመጣለን። ቀጥ ያለ ረጅም ጣውላ ወይም የአሉሚኒየም ዘንግ ከጀልባዋ ወለል በታች አስደግፈው ወደ ኋላ በማስረዘም፣ የወለሉ መስመር ከሞተሩ እግር ጋር የት እንደሚገናኝ ይመልከቱ። ለትንንሽ ጀልባዎች የተለመደው የአምራቾች መመሪያ ክንፉ ከወለሉ መስመር ጋር እኩል ከሚሆንበት አንሥቶ እስከ 25 ሚሊ ሜትር ዝቅ ብሎ እንዲውል ነው። ከዚህ በላይ ከፍ ካለ ፕሮፔለሩ ከውሃው ጋር አየር ይስባል፤ ሞተሩ ይጮኻል፣ ዙሩ በድንገት ይጨምራል፣ ጀልባዋ ግን አትገፋም፤ የማቀዝቀዣ ውሃ መሳቢያውም ከውሃ ብቅ ካለ ሞተሩ ሊቃጠል ይችላል። ከመጠን በላይ ዝቅ ካለ ደግሞ እግሩ ውሃውን እያረሰ ይጎትታል፣ ቤንዚን ያባክናል፣ ውሃም ወደ ሞተሩ ራስ ይረጫል።

በእነዚህ ሁለት ወሰኖች መካከል የት ይሁን የሚለው እንደ ውሃው ጠባይ ነው። ጣና ጥልቀቱ በጣም ሲበዛ 14 ሜትር ገደማ የሆነ ሰፊ ሐይቅ በመሆኑ ነፋስ ሲነሣ ማዕበሉ አጭርና ተደጋጋሚ ይሆናል። ጀልባዋ ሞገዱን ስትሻገር ኋላዋ እየተነሣ ፕሮፔለሩ ወደ ውሃው ገጽ ይቀርባል። ስለዚህ ከሰዓት በኋላ ሰው አሳፍራ ከዘጌ ለምትመለስ ጀልባ ወደ 25 ሚሊ ሜትሩ ዝቅ ያለውን መምረጥ ተገቢ ነው እላለሁ፤ የሚጠፋው ጥቂት ቤንዚን በማዕበል መካከል ግፊት ከማጣት ጋር የሚወዳደር አይደለም። በማለዳ ረጋ ባለ ውሃ ብቻ የምትወጣ ቀላል ጀልባ እኩል መስመሩ ላይ ብትሆን አይከፋም። የወለሉ መሐል አጥንት እስከ ኋላው ግድግዳ ድረስ የሚዘልቅ ከሆነ ግን ወደ ፕሮፔለሩ የሚደርሰው ውሃ የተረበሸ ስለሚሆን፣ ዝቅ ማድረጉ የግድ ነው።

በዳርቻው ያለው ድንጋይ፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2011 ጣና ላይ የታየው እምቦጭም ብዙዎችን ሞተሩን ከፍ አድርገው በቋሚነት እንዲያስሩ ይገፋፋቸዋል። በዚህ አልስማማም። ጥልቀቱ ሲያንስ ወይም አረም ሲያጋጥም ሞተሩን ቀስ አድርጎ ማዘንበል፣ ከዚያም አጥፍቶ ፕሮፔለሩንና የውሃ መሳቢያውን ማጽዳት እንጂ፣ ለጥቂት ደቂቃ መተላለፊያ ሲባል የሙሉ ቀኑን ጉዞ ማበላሸት አይገባም። ሞተሩ ወደ ፊት ሲነዳ ድንጋይ ቢመታ በራሱ ወደ ላይ እንዲነሣ ሆኖ የተሠራ ስለሆነ፣ ይህን እንቅስቃሴ በሽቦም ሆነ በገመድ አያግዱት።

ከፍታው በልኬት ከተመረጠ በኋላ ገና አይብሱ። ሞተሩን በራሱ የእጅ ማጥበቂያዎች ብቻ አስረው፣ እንዳይወድቅ በሰንሰለት ከጀልባዋ ጋር አያይዘው ይሞክሩት። ከፍ ማድረግ ካስፈለገ ጠርዙ ላይ ጠንካራ ጣውላ መደረብ ይቻላል። ሙከራው በባዶ ጀልባ ከሆነ ዋጋ የለውም፤ በየቀኑ የሚጫነው ሰው፣ መረብ ወይም ዕቃ ያህል ክብደት በተለመደው ቦታው ይቀመጥ። የሞተሩ ማዘንበያ ሽንቁር፣ ማለትም የእግሩን ዘንበል የሚወስነው ዘንግ የሚገባበት ቀዳዳ፣ መጀመሪያ ክንፉ ከወለሉ ጋር ትይዩ በሚሆንበት ላይ ይሁን። የጀልባዋ ፊት ወደ ላይ ከተነሣ እግሩን አንድ ሽንቁር ወደ ግድግዳው ያስጠጉ፤ ፊቷ ውሃ ከቆፈረ ደግሞ አንድ ሽንቁር ያርቁ። ኋላዋ በጣም ከሰመጠ፣ ብሎን ከመንካት በፊት የቤንዚን በርሜሉን ወደ ፊት ማዛወር ይበቃ እንደሆነ ይሞክሩ። ስለታም መታጠፊያ ላይ ሞተሩ ከጮኸ አንድ ደረጃ ዝቅ ያድርጉት። በዚህ ሁሉ ጊዜ ከሞተሩ ኋላ የሚፈሰው ቀጭን የማቀዝቀዣ ውሃ ሳይቋረጥ መውረዱን የሚከታተል አንድ ሰው ይኑር፤ የሞተር ማጥፊያው ገመድም ከነጂው አካል ጋር ይታሰር።

በሙከራው ወቅት ብዙዎችን የሚያሳስት አንድ ነገር አለ። ጣና ከባሕር ጠለል በላይ 1,786 ሜትር ገደማ ላይ የሚገኝ ሲሆን፣ ሞተር በየ300 ሜትሩ ከፍታ ከጉልበቱ 3 በመቶ ገደማ ያጣል። ስለዚህ 15 የፈረስ ጉልበት ተብሎ የተሸጠ ሞተር ባሕር ዳር ላይ የሚሰጠው ከ12 ብዙም አይበልጥም። ሙሉ ጋዝ ተሰጥቶት መመሪያው ላይ የተጻፈውን ዙር ሳይደርስ ሲቀር፣ ጭነቱን ለማቅለል ብለው ሞተሩን ከፍ የሚያደርጉ አሉ፤ ዙሩ በርግጥ ይጨምራል፣ ነገር ግን የጨመረው ፕሮፔለሩ አየር መሳብ ስለጀመረ ነው። ትክክለኛው መፍትሔ ከፍታውን ሳይነኩ ፕሮፔለሩን መቀየር ነው። ፕሮፔለሩ ላይ በኢንች የተጻፈውና በአንድ ዙር የሚጓዘውን ርቀት የሚያመለክተው ቁጥር በ1 ሲቀንስ፣ የሞተሩ ዙር በደቂቃ ከ150 እስከ 200 ያህል ይጨምራል።

ሙከራው ካረካዎ መያዣው ያረፈበትን ቦታ በቀለም ምልክት አድርገው ይብሱ። የሚጠቀሙት የማይዝግ ብሎን፣ ሰፊ ሮንዴላና የማይፈታ ዳዶ ይሁን። ግድግዳው የብረት ከሆነ የቀዳዳውን ጠርዝ ዝገት መከላከያ ቀለም ይቀቡ። ውስጡ እንጨት የሆነ የፋይበር ግድግዳ ከሆነ ደግሞ ውሃ ሰርጎ እንጨቱን እንዳያበሰብሰው ቀዳዳውን ብሎኑ ከመግባቱ በፊት በጀልባ ማሸጊያ ይሙሉት። የቀድሞ ሞተር የተዋቸው ቀዳዳዎችም ክፍት መቅረት የለባቸውም። ከመጀመሪያው ሙሉ ጭነት ጉዞ በኋላ ዳዶዎቹንና የእጅ ማጥበቂያዎቹን እንደገና ያጥብቁ፤ ጀልባዋ ከዓሣ ማስገር ወደ ሰው ማመላለስ ከተዛወረች ወይም ሌላ ሞተር ከተገዛላት ደግሞ ልኬቱን ከወለሉ መስመር ጀምረው ይድገሙት።