ብቻ የማይገጠም ውጊያ፦ ከጸሎት ጓደኛ ጋር ፈተናን መቋቋም

ጸሎት የሚያውቅ፣ ጾም የማያፈርስ ሰውም በአንድ ፈተና ዓመታት ሲወድቅ ይኖራል። አብዛኛውን ጊዜ የሚታገለውን ነገር ለማንም ተናግሮ አያውቅም። ይህ ከጸሎት ጓደኛ ጋር የመታገል አሠራር የተሰናዳው ለሁለት ወይም ለሦስት አማኞች ነው፤ ከዚያ ከበዛ ምስጢር መጠበቅ ይከብዳል።

ውጊያውን በስሙ ጥሩት

«ጠላት እየተዋጋኝ ነው» የሚል የጸሎት ርዕስ ለጓደኛ የሚጨብጠው ነገር አይሰጥም። ለአንድ ሳምንት ማስታወሻ ያዙ። ፈተናው በመጣ ቁጥር ሰዓቱን፣ ቦታውን፣ ሰውነታችሁ የነበረበትን ሁኔታ (ረሃብ፣ ድካም፣ ንዴት) እና ቀድሞ የመጣውን ሐሳብ ጻፉ። ሐሳቡ እንደመጣ ይጻፍ፦ «ማንም አያይም»፣ «አንተ እንደሆነ አትለወጥም»፣ «ሳይከፍል ይቅር አልለውም»። ሳምንቱ ሲያልቅ ውጊያው ብዙ ጊዜ ከታሰበው ጠበብ ብሎ ይገኛል፦ ከምሽቱ አራት ሰዓት በኋላ፣ ብቻ ሲሆኑ፣ ስልክ በእጅ ላይ እያለ።

ያዕቆብ 1፥14 ሰው የሚፈተነው በራሱ ምኞት ሲሳብ እንደሆነ ይናገራል። ሁሉን በአጋንንት የሚያሳብብ ሰው የራሱን ድርሻ ሳይነካ ይቀራል። ኤልያስ ደግሞ ሞቱን ሲለምን መልአኩ ሁለት ጊዜ እየቀሰቀሰ አበላው፣ አጠጣው፤ ተግሣጽ አላስቀደመም (1ኛ ነገሥት 19)። ማስታወሻችሁ ላይ እንቅልፍ ማጣት ከተደጋገመ ሌሊት ለጸሎት ከመነሣታችሁ በፊት እንቅልፋችሁን አስተካክሉ።

ለሐሳቡ የሚመልስ ቃል ያዙ

ጌታ በምድረ በዳ ሦስቱንም ፈተና የመለሰው ከኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 6 እና 8 ነው፤ እያንዳንዱ ጥቅስ ለቀረበው ጥያቄ ቀጥተኛ መልስ ነበር። እናንተም በማስታወሻችሁ ላይ ለተጻፈው ሐሳብ የሚመልሱ ሦስት ወይም አራት ጥቅሶች ምረጡ፤ ሃያ ጥቅስ በጭንቅ ሰዓት አይታወስም። ለኩነኔ ሮሜ 8፥1፣ ለፍርሃት 2ኛ ጢሞቴዎስ 1፥7፣ ለበቀል ሮሜ 12፥19፣ ከውድቀት በኋላ ለሚመጣ ተስፋ መቁረጥ ሚክያስ 7፥8 ጥሩ መነሻ ነው። ምዕራፉን በሙሉ አንብቡ። ዲያብሎስም በዚያው ፈተና መዝሙር 91ን (በሌላው አቆጣጠር 90ን) ጠቅሷልና፣ ከቦታው የተነቀለ ጥቅስ መሣሪያ አይሆንም።

በኤፌሶን 6 ያለውን ዕቃ ጦር በየጠዋቱ እንደ ቀመር መደጋገም በራሱ ለውጥ አያመጣም ባዮች ነን። ወገብን በእውነት መታጠቅ በዚህ አሠራር ለጓደኛ አለመዋሸት ማለት ነው፤ የእምነት ጋሻ ደግሞ ክፉው ሐሳብ ሲወረወር የተመረጠውን የተስፋ ቃል አምኖ መመከት።

ጓደኛውን መምረጥ

ከዚህ በፊት የነገራችሁትን ምስጢር የጠበቀ፣ ተመሳሳይ ፆታ ያለው፣ ደመወዝ የማትከፍሉት ወይም የማይከፍላችሁ ሰው ፈልጉ። በተመሳሳይ ፈተና በዚህ ሳምንት እየወደቀ ያለ ሰው ለጊዜው አይሆንም፤ ገላትያ 6፥1 የወደቀውን የሚያነሣ ሰውም እንዳይፈተን ራሱን እንዲጠብቅ ያዛል። የንስሐ አባት ወይም መጋቢ ካላችሁ ጓደኛው እሱን አይተካም፤ ከባድ ጉዳይ ወደዚያ ይሄዳል።

በሳምንት አንድ ጊዜ ለ45 ደቂቃ ተገናኙ። አሥሩ ለቃሉ፣ ሃያው ለመነጋገር፣ አሥራ አምስቱ ለጸሎት ይሁን። ሰዓት ካልተገደበ ወሬው ጸሎቱን ይበላዋል። በንግግሩ ጊዜ ሦስት ጥያቄ ይበቃል፦ «በዚህ ሳምንት የት ተፈተንክ? ምን አደረግህ? አሁን የደበቅኸኝ ነገር አለ?» ሦስተኛውን ለመጠየቅ ሰው ያፍራል፤ እሱን የዘለለ ስብሰባ ግን ቶሎ የሻይ ሰዓት ይሆናል። ሁለታችሁም ትመልሳላችሁ። አንዱ ብቻ የሚናዘዝበት ግንኙነት ውሎ አድሮ ወደ ምርመራ ይለወጣል፤ ያዕቆብ 5፥16ም «እርስ በርሳችሁ» ይላል።

በውጊያው ሰዓት

የሚላከውን መልእክት በደህናው ቀን ተስማሙበት። «አሁን» የምትል አንዲት ቃል ትበቃለች፤ ረጅም ማብራሪያ የሚጽፍ ሰው እየጻፈ ይሸነፋል። የደረሰው ጓደኛ «እጸልያለሁ» ብሎ አይመልስ፤ ይደውል። ጥሪው ሦስት ነገር ይኑረው፦ «የት ነህ?» ብሎ መጠየቅ፣ ከቦታው እንዲነሣ ማድረግ (ከክፍሉ ይውጣ፣ ስልኩን ለሌላ ሰው ይስጥ)፣ ከዚያ የተመረጠውን ጥቅስ አብሮ ጮክ ብሎ ማንበብና በአጭሩ መጸለይ። ቅደም ተከተሉ እንዲህ የሆነው ፈተናው ፊት ተቀምጦ መጸለይ ከባድ ስለሆነ ነው፤ 1ኛ ቆሮንቶስ 6፥18 ስለ ዝሙት «ሽሹ» ይላል። እስራኤል ከአማሌቅ ጋር በተዋጋበት በራፊዲምም አሮንና ሆር መጀመሪያ ለሙሴ ድንጋይ አምጥተው አስቀመጡት፣ ከዚያ በኋላ ነው ግራና ቀኝ ሆነው እጁን የደገፉት (ዘጸአት 17፥12)። ከ20 ደቂቃ በኋላ ደግማችሁ ደውሉ፤ የመጀመሪያው ማዕበል ካለፈ በኋላ ሁለተኛው ይመጣልና።

ቢወደቅስ?

በ24 ሰዓት ውስጥ ለጓደኛችሁ ተናገሩ። በዘገየ ቁጥር «አንዴ ወድቄያለሁ» የሚለው ሐሳብ ሁለተኛውን ውድቀት ያመጣል። 1ኛ ዮሐንስ 1፥9ን አንብባችሁ ንስሐ ግቡ፤ ወዲያው ማስታወሻውን ክፈቱና የትኛው በር ክፍት እንደነበረ እዩ፤ መተግበሪያው ይጥፋ፣ ወደ ቦታው የሚወስደው መንገድ ይቀየር። ሰሚው አይደንግጥ፣ አይስበክ። ዝርዝር አይጠይቅ፤ ዝርዝሩ ለሰሚው ራሱ ፈተና ይሆንበታል።

ሥራውን የሚያበላሹ ነገሮች

አንደኛው ሐሜት ነው፤ በተለይ «የጸሎት ርዕስ» ተብሎ የሚሾልከው። ያለ ባለቤቱ ፈቃድ ለሦስተኛ ሰው ምንም አይነገር። ይህ ግን ወሰን አለው፤ ሕይወቱን ለማጥፋት የሚያስብ፣ ሕፃን የሚጎዳ ወይም በቤቱ የሚደበደብ ሰው ጉዳይ ምስጢር ሆኖ አይቀመጥም፤ በዚያው ቀን ሊረዳ ወደሚችል ባለሙያ ወይም ኃላፊ ይደርሳል። ሌላው «እምነት ካለህ መድኃኒቱን ተው» የሚል ምክር ነው። ሐኪም ያዘዘውን መድኃኒት የጸሎት ጓደኛ አያስቆምም፤ ለሳምንታት የዘለቀ ሐዘንና እንቅልፍ ማጣት ከጸሎቱ ጎን ለጎን ምርመራ ይፈልጋል።

ጾምም በልኩ ይሁን። ሦስት ከሆናችሁ በሳምንት አንድ አንድ ቀን ተካፈሉ፤ ስኳር ሕመም ያለባት፣ ነፍሰ ጡር ወይም መድኃኒት ከምግብ ጋር የምትወስድ እኅት ከምግብ ፋንታ ከስልክ ትጹም። ጓደኛው ሁለት ሳምንት ተከታትሎ ከቀረ በትግሉ እየተሸነፈ ሊሆን ይችላልና በጽሑፍ አትጠብቁት፤ ቤቱ ሄዳችሁ አንኳኩ።