ተመልሶ መጻፍ፦ ስለ ዘፈን፣ ስለ መንገድና ስለ ጓደኛ ስትጽፉ ሊወገዱ የሚገቡ ስህተቶች

ጥሩ ጉዞ ያደረገ ሰው፣ በተለይ ዘፈን ያለበትና ከጓደኛ ጋር የተሄደ ከሆነ፣ የመጻፍ አምሮቱ ይነሳበታል። ዓመታት ዘግቶት የቆየውን ደብተር ይፈልጋል። ሁለት አንቀጽ ይጽፋል። ሦስተኛው ላይ ይቆማል። ከዚያ "ስንፍናዬ ነው" ብሎ ራሱን ይወቅሳል።

እኔ ስንፍና አይመስለኝም። ወዳጆቼ "እስኪ እየው" ብለው የሚልኩልኝን ጽሑፍ ሳነብ የማየው ሌላ ነገር ነው። ሰው ከረጅም ዝምታ በኋላ ሲመለስ ያየውንና የሰማውን ትቶ የተሰማውን ለመጻፍ ይቸኩላል። ስሜት ደግሞ ብቻውን ቶሎ ያልቃል፤ አንድ ገጽ እንኳ አይሞላም። ከታች ያሉት ስህተቶች አብዛኞቹ ከዚሁ ችኮላ የሚመጡ ናቸው።

በይቅርታ መጀመር

"ብዙ ጊዜ ጠፋሁ፤ ሥራ በዝቶብኝ ነው፤ ኑሮውም እንደምታውቁት ነው…" እንዲህ የሚጀምር ጽሑፍ ስንቱን አነበብኩ። መጥፋታችሁን የቆጠራችሁት እናንተው ናችሁ፤ አንባቢ የቀሪ መዝገብ አልያዘም። ወሬ ካላችሁ ወሬውን ጀምሩት። የጠፋችሁበት ምክንያት ራሱ የሚነገር ታሪክ ከሆነ ደግሞ ለብቻው ቢጻፍ ይሻላል።

ትልቅ ጉዞ መጠበቅ

"ለጥምቀት ጎንደር ስሄድ እጽፋለሁ።" "ለገና ላሊበላ ከደረስኩ እጀምራለሁ።" ሁላችንም እንደምናውቀው በእነዚህ ዓመታት ወደ ሰሜን የሚወስዱት መንገዶች እንደ ልብ የሚኬድባቸው አይደሉም። መንገዱ እስኪከፈት ብዕሩን ያስቀመጠ ሰው እጁ ይተሳሰራል።

ለመስማትና ለመጻፍ ሩቅ መሄድ ግድ አይደለም። ዐቢይ ጾም ሲገባ፣ ለ55 ቀን፣ የከተማው ድምፅ ይለወጣል። ሠርጉ ያቆማል፤ ሬዲዮው በገና ያሰማል። በገና 10 አውታር አለው። ያ እንደ ንብ የሚያጉረመርመው ድምፁ የሚመጣው በአውታሩና በማረፊያው መካከል ከሚገቡት ትንንሽ የቆዳ ቁራጮች ነው። ይህን አውቆ አንድ የጾም ምሽት ከጓደኛው ጋር ቁጭ ብሎ ያዳመጠ ሰው ለመጻፍ በቂ ነገር አለው። ከመገናኛ እስከ ፒያሳ በሚኒባስ ሲሄዱ ሾፌሩ የከፈተው ዘፈን፣ ረዳቱ አብሮ ያዜመው ስንኝ፣ "ቀንሰው እንጂ!" ያሉት እናት፣ ይህም ጉዞ ነው።

መንገዱን መዝለል

"ጠዋት ከአዲስ አበባ ተነሳን። ማታ ደሴ ገባን።" በሁለቱ ዓረፍተ ነገሮች መካከል 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ተዋጠ! እኔን ከሁሉም የሚያናድደኝ ይሄ ነው። የጉዞ ጽሑፍ ሥጋው መንገዱ ላይ ነውና።

የደሴን መንገድ የሚያውቅ ያውቀዋል። ደብረ ብርሃን ላይ ብርዱ አጥንት ይሰብራል፤ መስኮት የከፈተ ሰው ይሰደባል። ጣርማ በር ጉም ይቀበላችኋል። ጣሊያን በሠራው ዋሻ ውስጥ ታልፉና ቁልቁለቱ ይጀምራል። ደብረ ሲና ስትደርሱ ቆሎ ሻጮቹ መስኮቱን ይወሩታል። ሸዋ ሮቢት ላይ ጃኬቱ ይወልቃል፤ ሙቀቱ ሌላ አገር የገባችሁ ያስመስላል። ከሚሴን አልፋችሁ፣ ኮምቦልቻ ገብታችሁ፣ እንደገና ዳገቱን ወደ ደሴ ትወጣላችሁ። ደጋና ቆላ በአንድ ቀን ነው።

አሁን ዘፈኑን አምጡበት። የሾፌሩ ፍላሽ ላይ ምን ነበር? ማን "ይቀየር" አለ? የትኛው ዘፈን ሲመጣ ከኋላ ወንበር ያሉት ሁሉ አብረው ጮሁ? ጓደኛችሁ ጎማ ላይ ያለው ወንበር ደርሶት ስንት ጊዜ አጉረመረመ? ደብረ ሲና ላይ የተገዛው ቆሎ የት ሲደርስ አለቀ? እነዚህን ከጻፋችሁ ስለ ጓደኝነታችሁ የተለየ አንቀጽ አያስፈልግም፤ አንባቢ ከቆሎው ያየዋል።

ሌላም አለ። ሰው ስለ ባቲ ዜማ ይጽፋል፤ ባቲን ግን አይጽፍም። ከኮምቦልቻ ወደ ምሥራቅ ወደ 40 ኪሎ ሜትር ቢወርዱ ነው የሚገኘው። የሰኞ ገበያው የታወቀ ነው፤ አፋሩ ከቆላ ግመሉን እየነዳ ይመጣል፣ ኦሮሞውና አማራው ከደጋው እህሉን ይዞ ይወርዳል። የአምባሰልም ነገር እንዲሁ ነው። ወሎ ውስጥ ያለ ተራራማ አገር ነው። ሁለቱን ዜማዎች ስትሰሙ በዓይነ ልቦናችሁ የሚመጣ መልክዓ ምድር ቢኖራችሁ ጽሑፋችሁ ሌላ ይሆናል።

ሙዚቃውን በቅጽል መሸፈን

"ልብ የሚነካ፣ ነፍስ የሚያረሰርስ፣ ድንቅ ዜማ ሰማን።" ይህ ስለ ማንኛውም ዘፈን ሊባል ይችላል። ስለዚህ ስለየትኛውም አይናገርም።

ኖታ ማንበብ አይጠበቅባችሁም፤ ጥቂት ነገር ማወቅ ግን ይጠቅማል። ዋና የሚባሉት ቅኝቶች አራት ናቸው፤ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ። እያንዳንዳቸው አምስት ድምፅ ናቸው። ብዙ ሰው ቀስ ያለና የሚያስተክዝ ዘፈን ሲሰማ ዝም ብሎ "ትዝታ" ይለዋል። ስህተት ነው። በአምባሰልም በባቲም ቀስ ተብሎ ይዘፈናል። ትዝታም ቢሆን ሙሉና ግማሽ አለው። ግማሹ ላይ ሦስተኛውና አምስተኛው ድምፅ በግማሽ ድምፅ ዝቅ ይላሉ፤ ያ የሚያባባው ስሜት የሚመጣው ከዚያ ነው። እርግጠኛ ካልሆናችሁ ዘፋኙን ወይም ማሲንቆ መቺውን ጠይቁ። ደስ ብሎት ነው የሚነግራችሁ፤ አንዳንዱማ ሁለቱን አከታትሎ መትቶ ያሰማችኋል። ያቺን ደቂቃ ጻፏት።

ካልሆነም ዓይናችሁ ያየውን ጻፉ። ማሲንቆ ከፈረስ ጭራ የተሠራ አንድ አውታር ብቻ ነው ያለው። ከዚያች አንድ አውታር ያ ሁሉ ዜማ ሲወጣ እጁን አይታችሁታል? ማን አጨበጨበ? ማን እስክስታ ወረደ? ጭብጨባው ከምቱ ጋር ሄደ ወይስ ተደናቀፈ? ከ"ድንቅ" ይልቅ አንድ የተደናቀፈ ጭብጨባ አንባቢን ቤቱ ውስጥ ያስገባዋል።

ዘመን ማምታታት

ይህን ስህተት የሚሠሩት በደንብ የሚያነቡት ናቸው። የውጭ ጸሐፊዎች ስለ ኢትዮጵያ ሙዚቃ ሲጽፉ "የስልሳዎቹና የሰባዎቹ ወርቃማ ዘመን" ይላሉ። እኛም እንዳለ ገልብጠን "በስልሳዎቹ" እንላለን። የማን ስልሳዎቹ?

አምሃ እሸቴ የሸክላ ኩባንያውን የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1969 ነው። ይህ በእኛ ወደ 1961 ነው፤ የእኛ ስልሳዎቹ ገና ሲጀምሩ ማለት ነው። ደርግ ንጉሡን አውርዶ ሥልጣን የያዘው በመስከረም 1967 ነው። ሰዓት እላፊውም አብሮ መጣ፤ የምሽት ሙዚቃው ትንፋሽ አጠረው። ስለዚህ በእኛ አቆጣጠር ስልሳዎቹ ሁለት መልክ አላቸው። መጀመሪያቸው ሸክላና ምሽት ክበብ ነው፤ መጨረሻቸው ሰው በጊዜ ቤቱ የሚገባበት ነው። በእኛ አቆጣጠር ለሚያስብ አንባቢ "በስልሳዎቹ ከተማው ሌሊቱን ሲጨፍር ያድር ነበር" ብትሉት፣ በተለይ ያን ጊዜ የኖረ ከሆነ፣ ጽሑፉን እዚያው ይዘጋዋል። "እ.ኤ.አ." የምትለዋን ጨምሩ፤ ቦታ አትፈጅም።

ሰዓትም ያው ነው። "አዝማሪ ቤቱ የሚሞቀው ከማታው 3 ሰዓት በኋላ ነው" ብትሉ አዲስ አበባ ላለ ግልጽ ነው። አሜሪካ ተወልዶ ያደገው የአክስታችሁ ልጅ ግን ሌሊት ተነስቶ ይሄዳል።

አዝማሪ ቤት ገብቶ ስልክ ውስጥ መቅረት

ምሽቱን ሙሉ የቀረጸ ሰው ሊጽፍ ሲቀመጥ የሚያስታውሰው ስክሪኑን ነው። ቪዲዮውን ሲከፍተው ደግሞ ድምፁ ተበላሽቷል፤ የሚሰማው የጎን ጠረጴዛው ሳቅ ነው። ከዚያም በላይ አዝማሪውን ሳይጠይቁ መቅረጽ ነውር ነው። እንጀራው ነው። አስፈቅዱ፤ ሽልማቱንም አትርሱ። ግንባሩ ላይ ብር መለጠፍ የሚያሳፍራችሁ ከሆነ በእጁ ስጡት።

አዝማሪ ቤት እንደ ቴአትር ጀርባ ተደግፎ የሚታይ ነገር አይደለም። እናንተም ውስጡ ናችሁ። አዝማሪው ጠጋ ብሎ ስማችሁን ይጠይቃል፣ ልብሳችሁን ያያል፣ አብራችሁ የመጣውን ሰው ይገምታል። ከዚያ ይገጥምባችኋል። "ተቀበል!" ብላችሁ እናንተም ስንኝ ትሰጡታላችሁ፤ እሱ ተቀብሎ በዜማ ይመልሰዋል። አንድ ምሽት ከመካከላችን ኮፍያ ከራሱ የማይለየውን ጓደኛችንን እንዲህ አለው፦

ባርኔጣው ያማረ፣ ያውም የከበረ፣
ምነው ቤት ሲገባ ሳያወልቅ ቀረ?

ይህን ሁለት መስመር ብቻ ወረቀት ላይ ብታሰፍሩት ምንም አይደለም። የሚያስቀው ጓደኛችን ራሰ በራ መሆኑን ጠረጴዛው ሁሉ ማወቁ ነው። ከሁሉም ቀድማ የሳቀችው የገዛ ሚስቱ መሆኗ ነው። እሱም ተነስቶ ኮፍያውን አውልቆ አዝማሪው ራስ ላይ ደፋው፤ ያኔ ቤቱ ተናወጠ። የአዝማሪ ግጥም ሲጻፍ ግራና ቀኙ አብሮ መጻፍ አለበት፤ ማን ተነካ፣ ማን ሳቀ፣ ማን አኮረፈ። በማግስቱ ጠዋት ወዲያውኑ አስፍሩት። ሲውል ሲያድር ግጥሙ ይቀራል፣ ዙሪያው ግን ይጠፋል።

(እግረ መንገዴን፦ ይህን የጻፍኩት ባለኮፍያውን አስፈቅጄ ነው። "ራሰ በራ" የምትለዋን "ፀጉሩ የሳሳ" እንድላት ለምኖኝ ነበር።)

ጓደኛን ቅዱስ ማድረግ

ከዚሁ ጋር የሚሄድ ነው። ከብዙ ጊዜ በኋላ የተገናኘነውን ጓደኛ ስንጽፍ "እንደ ወንድሜ ነው፤ ልቡ ንጹሕ ነው" እንላለን። ደግ ነገር ነው። ግን ሰውየውን አናየውም። ሂሳብ ሲመጣ አስተናጋጇን በዓይኑ ጠቅሶ ቀድሞ የሚከፍል፣ እናንተ ስትቆጡ "ተወው ባክህ" የሚል፣ ሆቴል ግን አብሮ ለመተኛት የማይመች ሌሊቱን ሙሉ የሚያንኮራፋ ሰው ከሆነ፣ እንዲያ ጻፉት። ጉዞ ላይ የተጣላችሁበትን ነገርም አትዝለሉ። ሦስት ሰው በአንድ መኪና ረጅም መንገድ ሄዶ ያልተነታረከ ከሆነ አንዱ ተኝቶ ነበር ማለት ነው።

ድንበሩ አንድ ነው፤ ምስጢሩ። ማታ ላይ፣ ዘፈኑ ሲያባባው፣ ስለ ትዳሩ ወይም ስለ እናቱ የነገራችሁ ነገር የእናንተ አይደለም። ስሙን ብትቀይሩም ሰፈሩ ያውቀዋል። ጽሑፉን ከማውጣታችሁ በፊት አንብቡለት። "ይሄ ይቅር" ካለ ይቅር።

"ድሮ ቀረ" ብሎ ማለፍ

ይህ በተለይ ከውጭ ለእረፍት የሚመጡትን ያጠምዳል፤ እዚህ ያለነውም አናመልጥም። አንድ ሰፈር እንሄዳለን፣ የምናውቀው ቤት የለም፣ እንተክዛለን፣ "ድሮ ቀረ" ብለን አንቀጹን እንዘጋለን። በ2017 የካዛንቺስ አሮጌ ሰፈር ሲፈርስ እንዲህ ያለ ጽሑፍ ብዙ አነበብኩ። ካዛንቺስ በአዝማሪ ቤቶቹ የታወቀ ሰፈር ነበር፤ መተከዙ ተገቢ ነው። ከእነዚያ ጽሑፎች ብዙዎቹ ግን አንዲት ቤት እንኳ አላቆሙልኝም። በሩ በየት በኩል ነበር? ወንበሩ ዱካ ነበር ወይስ አግዳሚ? ዘፋኟ ስትገባ የትኛው ጥግ ትቆም ነበር? ማሲንቆው የሚሰቀለው የት ላይ ነበር? መጨረሻ ላይ "ተዘጋ፣ ውጡ" የሚለው ማን ነበር?

ቤቱ ከፈረሰ ሄዶ ማየት አይቻልም። የቀረው የሰው ትውስታ ነው። አብሯችሁ ይገባ የነበረው ጓደኛ አሁን ቨርጂኒያ ወይም ዱባይ ከሆነ ደውሉለት። ስለ ኑሮው ከጠየቃችሁት በኋላ ስለ በሩ ጠይቁት። እናንተ በግራ ነው የምትሉትን እሱ በቀኝ ነው ይላችኋል፤ ዘፋኟ ቀይ ነበረች ስትሉ ጠይም ነበረች ይላል። ካልተስማማችሁ ለማስታረቅ አትድከሙ፤ የእሱንም የእናንተንም ጻፉት።