ዳገት ላይ የሚያስቆም የባት ሕመም፦ የእግር ደም ቅዳ መጥበብን እንዴት ለይቶ መታከም ይቻላል?

ከለገሃር ተነሥቶ በቸርችል ጎዳና ወደ ፒያሳ የሚወጣ ሰው መንገድ ላይ ባቱ ተጨምድዶ ቢያስቆመው፣ ጥቂት ደቂቃ ሲያርፍ ቢለቀው፣ ጉዞውን ሲቀጥል ደግሞ ያንኑ ያህል ሄዶ መልሶ ቢይዘው፣ ነገሩን በብርድ፣ በቁርጥማት ወይም በእርጅና አሳቦ ማለፍ የለበትም። ወደ እግር ደም የሚያደርሱት ደም ቅዳዎች ግድግዳቸው ላይ ስብና ካልሲየም ተጋግሮ ሲጠቡ፣ ጡንቻው ተቀምጦ ሳለ የሚበቃውን ደም ቢያገኝም ዳገት ሲወጣ የሚያስፈልገውን ያህል ግን አያገኝም። ሲጋራ የሚያጨሱ፣ ስኳር፣ የደም ግፊት ወይም ከፍ ያለ ኮሌስትሮል ያለባቸው ሰዎች ይበልጥ ይጋለጣሉ፤ የልብና የአንጎል ደም ቅዳዎችም በዚሁ ምክንያት ሊጠቡ ስለሚችሉ፣ ምልክቱ የሚመለከተው እግርን ብቻ አይደለም።

ሐኪም ዘንድ ከመሄድዎ በፊት ሕመሙ ከየት ተነሥተው የት ሲደርሱ እንደሚይዝዎና ስንት ደቂቃ ሲያርፉ እንደሚለቅዎ ለጥቂት ቀናት ይመዝግቡ። «ከለገሃር ተነሥቼ ብሔራዊ ቴአትርን እንዳለፍኩ ይይዘኛል» የሚል ታካሚ፣ «መራመድ አቃተኝ» ብቻ ከሚለው ይልቅ ሐኪሙን ይረዳዋል። ከዚያም ካልሲዎን አውልቀው በቂ ብርሃን ባለበት ቦታ ሁለቱን እግሮች ያነጻጽሩ፦ አንደኛው ይቀዘቅዛል ወይ? ቀለሙ ተለውጧል ወይ? በጣቶች መካከል ወይም ተረከዝ ላይ አልድን ያለ ቁስል አለ ወይ? ከውስጠኛው የቁርጭምጭሚት አጥንት ኋላና ከእግር ጀርባ ላይ የደም ሥር ትርታ በጣት ይዳሰሳል፤ ሆኖም የእግር ጀርባው ትርታ በአንዳንድ ጤናማ ሰዎችም ላይ ስለማይገኝ በእርሱ ብቻ መደምደም አይገባም።

ቀጥሎ በአቅራቢያዎ ወዳለው ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ሄደው የቁርጭምጭሚትና የክንድ የደም ግፊት ንጽጽር እንዲሠራልዎ ይጠይቁ። የቁርጭምጭሚቱ የላይኛው የግፊት ቁጥር ለክንዱ ሲካፈል ውጤቱ 0.90 ወይም ከዚያ በታች ከሆነ ደም ቅዳው መጥበቡን ያመለክታል፤ ለምሳሌ ክንድ ላይ 140፣ ቁርጭምጭሚት ላይ 98 ቢገኝ ውጤቱ 0.70 ነው። ስኳር ወይም የኩላሊት ሕመም ለረጅም ጊዜ የቆየባቸው ሰዎች ግን የደም ሥራቸው ስለሚደድር ቁጥሩ ከ1.40 ሊያልፍ ይችላል፤ ይህ የጤንነት ምልክት ስላልሆነ ሌላ ምርመራ ያስፈልጋል። የጠበበውን ቦታ ለማወቅ የደሙን ፍሰት በድምፅ ሞገድ የሚያሳየው ዶፕለር አልትራሳውንድ፣ ቀዶ ሕክምና ከታሰበም የሲቲ ስካን የደም ሥር ምስል ይታዘዛል።

ከሕክምናዎቹ ሁሉ በጣም ችላ ሲባል የማየው በእግር መራመዱ ራሱ ነው። ቁስል ወይም በእረፍት ጊዜ የሚሰማ ሕመም የሌለበት ሰው ሐኪሙን አማክሮ፣ ከዳገቱ ይልቅ ደልዳላ መንገድ መርጦ ሕመሙ ጠንከር እስኪል ይራመዳል፣ ሲለቀው ይቀጥላል፤ ይህን በሳምንት ቢያንስ 3 ቀን፣ በየጊዜው ከ30 እስከ 60 ደቂቃ፣ ቢያንስ ለ12 ሳምንታት ካደረገ ሳይቆም የሚሄደው ርቀት ይረዝማል። ሲጋራ ማቆም ግዴታ ነው። አስፒሪንና ኮሌስትሮል የሚቀንሱ መድኃኒቶች በሐኪም ትእዛዝ ይወሰዳሉ፤ ይህ ሁሉ ካልበቃ ወይም እግሩ ለአደጋ ከተጋለጠ፣ የጠበበው ደም ሥር ውስጡ ገብቶ በሚነፋ ትንሽ ፊኛ እንዲሰፋ ይደረጋል፣ ወይም ደሙ በሌላ ደም ሥር በኩል እንዲያልፍ ይደረጋል።

እግር በድንገት ከቀዘቀዘ፣ ከነጣ፣ ከደነዘዘ ወይም አልንቀሳቀስ ካለ ቀጠሮ አይጠበቅም፤ ጡንቻው በሰዓታት ውስጥ ሊሞት ስለሚችል ሌሊትም ቢሆን ወደ ድንገተኛ ክፍል መሄድ ያስፈልጋል። አንድ እግር ብቻ ካበጠ፣ ከሞቀና ካመመ ደግሞ በደም መልስ፣ ማለትም ደምን ወደ ልብ በሚመልሰው የደም ሥር ውስጥ ደም ረግቶ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለውን እግር ወጌሻ ዘንድ ወስዶ ማሳሸት የረጋው ደም ተነቅሎ ወደ ሳንባ እንዲሄድ ሊያደርግ ስለሚችል፣ እባክዎ ማንም እንዳይነካው ያድርጉ፤ በዶፕለር ከተረጋገጠ በኋላ ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ መድኃኒት አብዛኛውን ጊዜ ቢያንስ ለ3 ወራት ይሰጣል።