ናኖ ቅንጣትና የወንድ መካንነት፦ በጥናቶች ላይ ደጋግሜ የማያቸው ስህተቶች

ናኖ ቅንጣት (በናኖሜትር፣ ማለትም በሚሊሜትር ሚሊዮንኛ የሚለካ እጅግ ደቂቅ ብናኝ) በወንድ የመራቢያ አካል ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት ያጠና ተማሪ ረቂቁን ሲያመጣልኝ፣ መጀመሪያ የማየው ውጤቱን አይደለም። ሙከራው ስንት ቀን እንደፈጀ ነው። ብዙ ጊዜ 14 ቀን ይላል። እዚያው ላይ አንጀቴ ያርራል።

በትንሿ የላቦራቶሪ አይጥ ቆለጥ ውስጥ ስፐርም ተሠርቶ እስኪያልቅ 35 ቀን ገደማ ይወስዳል። በትልቋ አይጥ 52፣ በሰው ደግሞ 74 ቀን አካባቢ ነው። ከዚያም ለመብሰል ከቆለጡ ጀርባ ባለው ጥምዝምዝ ቱቦ ውስጥ ቀናት ይቆያል። ስለዚህ በ14ኛው ቀን የቆጠራችሁት ስፐርም፣ የመጀመሪያው መጠን ሲሰጥ የሕዋስ ክፍፍሉን ጨርሶ ነበር። ቅንጣቱ ስፐርም የሚመነጭባቸውን ግንድ ሕዋሶች ቢጎዳ እንኳ ቆጠራው ላይ አይታይም። ታዲያ "ጉዳት የለውም" የሚለው ድምዳሜ ከየት መጣ?

ተገላቢጦሹም አለ። እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ አንድ ጥናት ለወንድ አይጦች ካርበን ናኖቲዩብ (ከካርበን የተሠራ እጅግ ቀጭን ቱቦ) በደም ሥር ደጋግሞ ሰጠ። በ15ኛው ቀን ቆለጣቸው ተጎድቶ ነበር። በ60ኛውና በ90ኛው ቀን ግን ጉዳቱ ድኗል፤ የማስረገዝ አቅማቸውም አልቀነሰም። ተመራማሪዎቹ በ15ኛው ቀን ቢያቆሙ ኖሮ የምናነበው ሌላ ታሪክ ነበር። እባካችሁ ሙሉውን ዑደት ጠብቁ፤ ከዚያም መጠኑን አቁማችሁ ማገገሙን እዩ።

ሌላው የብልቃጡን ጽሑፍ ማመን ነው። "20 ናኖሜትር" ስለተባለ አይጧ የወሰደችው 20 ናኖሜትር ነው ማለት አይደለም። ቅንጣቶቹ ጨው ባለበት ፈሳሽ ውስጥ ተጣብቀው ይጓጉላሉ። በምትሰጡበት ፈሳሽ ውስጥ ራሳችሁ ለኩት።

ብርና ዚንክ ኦክሳይድ ይሟሟሉ። በብር ስትሠሩ ለማነጻጸሪያ ብር ናይትሬት (የሟሟ ብር የሚሰጥ ጨው) የሚወስድ የአይጦች ቡድን ከሌላችሁ፣ የጎዳው ቅንጣቱ ይሁን የሟሟው ብር መለየት አትችሉም።

ቆለጥን በማይክሮስኮፕ ለማየት ስታዘጋጁ በተራ ፎርማሊን አታቆዩ፤ ስፐርም የሚሠራባቸው ቱቦዎች ይኮማተሩና ጉዳት ይመስላሉ። ቡዊን ወይም የተሻሻለው ዴቪድሰን የሚባሉትን የማቆያ ፈሳሾች ተጠቀሙ።

ከ5 አይጦች 200፣ 200 ቱቦ ስለቆጠራችሁ ናሙናችሁ 1000 አይሆንም። 5 ነው።

የመጨረሻው ከአይጥ ወደ ሰው የሚዘለው ርዕስ ነው። በደም ሥር የተወጋና በምግብ የተዋጠ አንድ አይደሉም፤ አንጀት የሚያሳልፈው በጣም ጥቂቱን ነው። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2022 ቲታኒየም ዳይኦክሳይድን (ምግብንም ጥርስ ሳሙናንም ለማንጣት የሚጨመር ዱቄት) ከምግብ ማከያነት ሲያግድ ምክንያቱ ዘረመልን የመጉዳት ስጋቱ ሊወገድ አለመቻሉ ነበር። ብዙ ረቂቆች ግን "መካን ስለሚያደርግ ታገደ" ብለው ይጠቅሱታል። ይህን ልጅ አልመጣ ብሎት የተጨነቀ ሰው ያነበዋል። የዘር ፈሳሽ ምርመራ ማድረጉን ትቶ ጥርስ ሳሙና ሲቀይር ይከርማል። ስለዚህ የእንስሳው ዓይነት፣ የአሰጣጡ መንገድና መጠኑ ርዕሱ ላይ ይግቡ።