ሶፍትዌር ለደንበኛ ስናስረክብ ኮዳችንን የሚያጋልጡ ስህተቶች

ጅማ ላይ ለፋርማሲ፣ ለሆቴልና ለቡና አቅራቢ የሚሠራ የስቶክ ሶፍትዌር አብዛኛውን ጊዜ የሚጫነው ደንበኛው ኮምፒውተር ላይ ነው፤ ኔትወርክ ሲጠፋም ሽያጩ መቀጠል አለበትና። ኮዱ ከእጃችን የሚወጣው ያኔ ነው፤ ስህተቶቹም እነዚህ ናቸው።

በዛምፕ (ኮምፒውተሩን ሰርቨር በሚያደርግ ጥቅል) የተጫነን የፒኤችፒ ኮድ እንዲሁ መተው። ኤችቲዶክስ የሚባለውን ማኅደር የከፈተ ሁሉ ኮዱን ያነበዋል፣ በፍላሽም ገልብጦ ይሄዳል። ቢያንስ አዮንኪዩብ በሚባለው የፒኤችፒ መመስጠሪያ አሽጉት። የጊት ማኅደርን (የኮዱን የለውጥ ታሪክ) እና የዳታቤዝ ባካፕን እዚያው ረስታችሁ አትውጡ።

«ኢኤክስኢ (በዊንዶውስ በቀጥታ የሚከፈት ፋይል) ሆኗል፣ ተደብቋል» ማለት። ኢኤክስኢውን የሚያዘጋጀው ፓይኢንስቶለር የፓይዘንን ኮድ ወደ ማሽን ቋንቋ አይቀይርም፤ ባይትኮዱን (ፓይዘን የሚያስኬደውን መካከለኛ ቅርጽ) ከነማስኬጃው ያሽገዋል እንጂ። በነፃ የሚገኙ መሣሪያዎች መልሰው ይፈቱታል፣ የፋንክሽን ስሞች ሳይቀሩ ይወጣሉ። ፓይኢንስቶለር ባይትኮዱን በቁልፍ የመመስጠር አማራጭ ነበረው፤ ቁልፉ ግን እዚያው ፋይል ውስጥ ስለሚቀመጥ ከስሪት 6 ጀምሮ ቀርቷል። ዋናውን ሞጁል በሳይተን ወይም በኑይትካ ኮምፓይል አድርጉት (ወደ ማሽን ቋንቋ ቀይሩት)። ይህም ቢሆን የሚፈታውን ሰው ያደክመዋል እንጂ ጨርሶ አያግደውም። የሲ ሻርፕ ፕሮግራምም በአይኤልስፓይ (ኮዱን መልሶ በሚያወጣ መሣሪያ) ይነበባል፤ ኦብፈስኬተር (ኮድን ለማንበብ የሚያስቸግር የሚያደርግ መሣሪያ) ስሞቹን ያጠፋል፣ አሠራሩ ግን ይቀራል።

የይለፍ ቃልና የኤፒአይ ቁልፍ (ፕሮግራሙን ከሌላ አገልግሎት ጋር የሚያገናኝ ምስጢር) ኮድ ውስጥ መጻፍ። ከሁሉም የከፋው ይህ ነው። ኮድ ቢሰረቅ የምታጡት ሥራችሁን ነው፤ የክፍያ ወይም የኤስኤምኤስ ቁልፍ ከወጣ ግን ገንዘብና የደንበኞች መረጃ አብሮ ይሄዳል። መመስጠርም አያድንም፤ ፕሮግራሙ ሊጠቀምበት ራሱ መፍታት አለበትና መፍቻውም አብሮት ይኖራል። ቁልፉ በእናንተ ሰርቨር ላይ ይቀመጥ፣ ፕሮግራሙ ሰርቨሩን ይጠይቅ። አስቀድሞ ከወጣ በአዲሱ ስሪት ላይ ማጥፋት ብቻ አይበቃም፤ አሮጌው ቅጂ ደንበኞች ጋር አለ። ቁልፉ ራሱ ተሰርዞ በአዲስ ይተካ።

ሲሪያል ቁጥርን በቀመር መፈተሽ። ቀመሩን ያገኘ ሰው የፈለገውን ያህል ሲሪያል ያወጣል። ይልቁንም የድርጅቱን ስምና የማብቂያ ቀኑን የያዘ የላይሰንስ ፋይል አዘጋጁና በኢዲ25519 (የዲጂታል ፊርማ ዘዴ) ፈርሙት። የሚፈርመው የግል ቁልፍ ከእናንተ ኮምፒውተር አይውጣ፤ ከሶፍትዌሩ ጋር የሚሄደው ፊርማውን የሚያረጋግጠው የሕዝብ ቁልፍ ብቻ ነው። ፍተሻውን ከፕሮግራሙ ቆርጦ የሚያወጣ ሊኖር ይችላል፣ አዲስ ላይሰንስ መፈረም ግን አይችልም።

የከፈለውን ደንበኛ መቆለፍ። ላይሰንሱን በማክ አድራሻ (በኔትወርክ ካርዱ መለያ ቁጥር) ብቻ ካሰራችሁት ካርዱ በተቀየረ ቀን ሱቁ ይቆማል። ከማዘርቦርድ፣ ከዲስክና ከኔትወርክ ካርድ መለያዎች ሁለቱ ከገጠሙ ይለፍ። ሰዓቱን የሚጠብቀው የባዮስ ባትሪው የሞተ ኮምፒውተር ደግሞ መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ቀኑን ዓመታት ወደ ኋላ ይመልሳል፤ ይህን እንደ ማጭበርበር ቆጥሮ ወዲያው የሚዘጋ ፕሮግራም ወረፋ ፊት ያዋርዳችኋል። ማስጠንቀቂያ ያሳይ፣ የ7 ቀን ጊዜም ይስጥ።

ያለ ውል ማስረከብ። የቅጂ እና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የኮምፒውተር ፕሮግራምንም ይጠብቃል። የተሸጠው የመጠቀም ፈቃድ ይሁን ኮዱ ራሱ፣ በስንት ኮምፒውተር ላይ እንደሚጫንም በጽሑፍ ይቀመጥ። ፓይኪውትን (የፓይዘን ፕሮግራም መስኮቶችና ቁልፎች መሥሪያ) የተጠቀመ ደግሞ ከመሸጡ በፊት ፈቃዱን ይመልከት፤ የንግድ ፈቃድ ካልተገዛለት ጂፒኤል በሚባለው የክፍት ኮድ ፈቃድ ሥር ነውና ኮዱን ለደንበኛው የመስጠት ግዴታ ያመጣል። ተመሳሳይ መሣሪያ የሆነው ፓይሳይድ ግን ላላ ባለው በኤልጂፒኤል ፈቃድ ስለሚገኝ የራሳችሁን ኮድ ዝግ አድርጋችሁ መሸጥ ትችላላችሁ።