ኢፒሲ ላይ ቁጥሩ ይወጣል፣ ዕቃው ግን አይገጥምም (ለድሮ ቶዮታ)

ኢፒሲ (በኮምፒውተር የሚከፈተው የቶዮታ የዕቃ ቁጥር ካታሎግ) እንዴት እንደሚጫን፣ ሊብሬ ላይ የሻንሲ ቁጥር የት እንዳለ አልነግራችሁም፣ ታውቁታላችሁ።

ሻንሲ አስገብታችሁ ምንም ካላመጣ ገበያውን፣ ማለትም መኪናዋ መጀመሪያ የተሸጠችበትን አካባቢ፣ አሳስታችኋል። ጃፓን፣ ጀነራል (የቀረው ዓለም)፣ አውሮፓ፣ አሜሪካ ለየብቻ ናቸው። ባለ 17 ፊደልና ቁጥር ቪን (ረጅሙ የሻንሲ ቁጥር) ጃፓን ውስጥ ብትፈልጉ እስከ ማታ አይመጣም፣ የጃፓን ገበያ ቁጥር አጭር ነው፣ ለምሳሌ ቪትዝ ላይ የሞዴሉ ኮድ ኤስሲፒ10 ብሎ ሰረዝ ከዛ 7 ቁጥር። ደሞ እኛ ጋ ሁሉም ቪትዝ ነው የሚባለው፣ አውሮፓ የተሸጠችው ግን ካታሎግ ላይ ያሪስ ናት፣ ቪኗ በቪኤንኬ ከጀመረ እንደውም ፈረንሳይ ነው የተገጣጠመችው።

ነጋዴው "ይሄ ቁጥር ቀርቷል" ካለ፣ ምትክ ቁጥር ካለው ኢፒሲው ራሱ ያሳያችኋል። ከሌለው ሱማሌ ተራ ሄዳችሁ ያገለገለ ዕቃ ፈልጉ።

አሁን ወደ ዋናው፣ ዕቃው መጥቶ አልገጥም ማለቱ። ሰልችቶኛል። ምክንያቱ ብዙ ጊዜ በስምና በዓመት መፈለግ ነው። አንድ ሰውዬ ፍሪሲዮን ዲስክ ፈልጎ "የሰማንያ ሁለት ኮሮላ ናት" አለ፣ ልጃችን 1982 ላይ ገብቶ ኬኢ70 የሚባለውን የኮሮላ ሞዴል መረጠ፣ ቁጥሩ ዱባይ ተላከ፣ ሶስት ሳምንት ተጠበቀ፣ ካምቢዮ ወርዶ ሲለካ ጥርሱም ስፋቱም ሌላ። ለካ ሰውየው 82 ያለው በኛ አቆጣጠር ነው፣ መኪናዋ በፈረንጅ 1989 መጨረሻ የወጣች ኢኢ90። ኬኢ70 እኮ በኋላ ጎማ ነው የምትሄደው፣ ኢኢ90 በፊት፣ ምን አገናኛቸው! ዲስኩ እስካሁን መደርደሪያ ላይ አለ።

ስለዚህ ባለቤቱን ዓመት አትጠይቁት። ኮፈን ክፈቱና ሞዴሉ የተጻፈባትን ትንሽ ብረት አንብቡ፣ ሞዴሉን ከሰረዙ በኋላ ያለውንም ጨምራችሁ ሙሉውን፣ የካምቢዮውንም ኮድ፣ ፎቶ አንሱት። ግሪስ ከያዘ በጨርቅና በነዳጅ ጥረጉት፣ በሽቦ ብሩሽ እንዳትነኩት፣ አንዱ ፍቆ ፍቆ ቁጥሩን አጥፍቶ አምጥቶልኛል። ከዛ ኢፒሲው ላይ ከዕቃው ቁጥር ጎን ያለውን ወር እዩ፣ 8705-8908 ካለ ከግንቦት 1987 እስከ ነሐሴ 1989 ማለት ነው፣ በፈረንጅ፣ ደግሜ ልበል በፈረንጅ። ሞዴሉ አንድ ሆኖ መኪናዋ የተሠራችበት ወር ከዚህ ውጭ ከሆነ ዕቃው ሌላ ሊሆን ይችላል።

መሪዋ ከቀኝ ወደ ግራ የዞረች ከሆነች ደሞ ኢፒሲው የሚያውቀው ፋብሪካ የወጣችበትን እንጂ እዚህ የምትነዷትን አይደለም። ወደ ውጭ የተሸጡት ላይ ሞዴሉ ውስጥ ኤል ካለ ግራ ነው፣ አር ካለ ቀኝ፣ የጃፓን ገበያዋ ላይ ሁለቱም የለም። የመሪ ጥርስ፣ ፔዳል፣ ዳሽቦርድ በቁጥር እንዳታዙ! አሮጌውን አውርዳችሁ አስተያዩ።

ሞተር የተቀየረባት ትኖራለች፣ ሊብሬው 2ኢ ይላል ውስጡ 4ኤ ተቀምጧል፣ የሞተር ዕቃ ስትፈልጉ ብሎኩ ላይ ያለውን እመኑ።

ሳጥን ላይ ያለ ስቲከርም ማረጋገጫ አይደለም። በ04465 የሚጀምር ቁጥር የፊት ፍሬን ሸራ ነው፣ ቁጥሩን ማንም አትሞ ይለጥፋል፣ እኔ አንዱን ሳጥን ከፍቼ ውፍረታቸው የተለያየ ሸራዎች አግኝቻለሁ። ይሄንን ለሰው መሸጥ ምን ይባላል?

እና የፊት ሾክ ስታዙ በ48510 የሚጀምረው ቀኝ ነው፣ በ48520 የሚጀምረው ግራ፣ ቀኝና ግራው ሹፌሩ ወንበር ላይ ተቀምጣችሁ ነው፣ ከመኪናው ፊት ቆማችሁ አይደለም።